ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለው በር

አንዳንዱ ላይ ብሳሳት ከወዲሁ ይቅርታ፤ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አልምልም። መቼም ሰው ሲሸመግል ከፈተና ያርፋል ያለው ማን ነው? እኔ ተማሪ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አልተፈተንኩም። ዛሬ ልጅ የአባቱ ማስታወስ ደክሞ እንደሆነ ለማወቅ አስቀምጦት፣ ቲማቲም፣ ጃንጥላ፣ መዶሻ ይልና፣ ሻይ ካጠጣው በኋላ ምን ምን ነበር ያልኩዎት ብሎ ይጠይቃል።

ጓደኛዬን ወርቁን ልጁ የሚፈትነው እንደዚህ ነበር። ከወደቀ ለብቻው ከቤት መውጣት የለም፤ ልደታ ማርያምም ቢሆን። ወርቁ ደግሞ ሳይሳለም የሚውል ሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ነገርኩት፦ የፈረሰውን የድሮ ሰፈራችንን በሐሳብህ እየሄድክ በየበሩ አንዳንድ ቃል አስቀምጥ፤ ቲማቲሙን እማሆይ ደጃፍ፣ ጃንጥላውን ልብስ ሰፊው ጋ። ስትጠየቅ ተመልሰህ ታነሳለህ። ሠራ! ልጁ ተደነቀ፤ እኔም እንደ ትልቅ ፕሮፌሰር ተኮፈስኩ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከወርቁ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለው በር የማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ ጋ ግንብ እንጂ በር አልነበረም አልኩት። እሱማ አልነበረም፣ አሁን ግን አለ፤ ገርበብ ብሏል አለኝ። አንተ ሰውዬ ጃጀህ እንዴ ብዬ ሳቅሁበት። አልተቆጣም። እስቲ አንተም ሂድና እየው አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። እማሆይን አለፍኩ፣ ልብስ ሰፊውን አለፍኩ። በሩ አለ። ከውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንግዳ ደጅ ሲቆም እንደሚደረገው። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ያልጠሩኝ ቤት አልገባም። ዓይኔን ገለጥኩና ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ጀመርኩ። ምን ላድርግ?

ወርቁ ግን ገባ። በማግስቱ እንደነገረኝ ደህና ሰዎች ናቸው፤ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቃሉ፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። በእመቤቴ ይዤሃለሁ አትመለስ፣ ዘዴውንም ተወው ብዬ ለመንኩት። ታዲያ ቲማቲሙን ማን ያነሳልኛል ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አላየሁትም።

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬውን የሰማሁት በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ኮንዶሚኒየማቸው ድረስ ሄጄ ልጁን ደረጃው ላይ አገኘሁት። አባባ ፈተናውን ወድቀዋል፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ ስንጠራቸውም አይመልሱም አለኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ። አይስጉ ጋሼ፣ አለኝ፤ ለብቻቸው መውጣት ስላቆሙ አሁን እንኳ የት እንዳሉ እናውቃለን።