ቢጫዋ ፍየል

ቀለም አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም በጣሊያን ጊዜ፣ መተማ ገበያ ላይ።

እትዬ ዘነቡ ከጭቃ እንስሳ እየሠሩ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ባስመጡት ቀለም ቀባብተው ሰሌን ላይ ደረደሯቸው፤ አረንጓዴ ግመል፣ ቢጫ ፍየል፣ ቀይ አህያ።

«እትዬ፣ አረንጓዴ ግመል ደግሞ የት አዩ?» ብንላቸው፣ «እግዜር ያልሞከረውን እየሞከርኩለት ነው» አሉን።

ይሄኔ የጣሊያኑ አስተርጓሚ ከች አለ። ሰውዬው አረንጓዴ ቆብ ከሰጡት ወዲህ ሌላው የማያየው ሁሉ ይታየዋል። ቆብ ዓይን ያበራል እንዴ? እስቲ ሐኪም ጠይቁልኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ይህ ባንዲራ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ባንዲራችንን ይዞ መገኘት ጅራፍ ነበር፤ ሲብስም ገመድ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ፍየል ናት» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ቅንጣት ሳይደነግጡ መሐል ያለችውን ቢጫዋን እያነሡ። «ካስቸገረችዎ ይውሰዷት።»

ወሰዳት። ማስረጃ ናትና እንዳትሰበርበት ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በገበያው መሐል ወደ ጦር ሰፈሩ አቀና። ከላይ አረንጓዴው ቆብ፣ ወገቡ ላይ የጠመጠመው ቀይ መቀነት፣ መሐል ላይ ቢጫዋ ፍየል።

መጀመሪያ ብድግ ያሉት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከዚያ ሰሊጥ ሻጩ ተነሣ፣ ከዚያ ጨው ነጋዴው፣ ከዚያ ገበያው በሙሉ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

እግዜር ይስጠው፣ ለእሱ የተነሣን መስሎት ደረቱን ነፋ፣ እርምጃውንም ቀነስ አደረገልን።