የሌሊቱ ስም ጥሪ

እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ ለሰው አትንገሩ። ራሴን አመመኝ ብትሉ ሰው "ይማርህ" ብሎ ያልፋል፤ እንቅልፍ አጣሁ ካላችሁ ግን አገር ሁሉ ሐኪም ይሆንባችኋል። አንዱ ትኩስ ወተት ጠጣ ይላል፤ ሌላው እግርህን ታጠብ፤ ሦስተኛው ዳዊት ድገም። አራተኛው፣ እሱ ራሱ ጎኑ መደብ ሲነካ የሚያንኮራፋው ሰውዬ፣ "ሐሳብ አታብዛ" ይላችኋል። ሐሳብ በትእዛዝ የሚቀንስ ይመስል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ወተቱ ሆዴን ነፋው፤ እግሬም ጠዳ። እንቅልፉ ግን በገዛ ሰዓቱ ነው የሚመጣው። እንግዲህ እናንተም የየራሳችሁን መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ምን እንዳዳነኝ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላኝ አስተማሪ ነበርኩ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ መደብ፣ አንድ ፋኖስ፣ ባትሪው ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ የማይናገር አንድ ሬዲዮ ነው። ጊዜው ያ የወሎ ክፉ ቀን ነበር። መጀመሪያ ዝናቡ ቀረ፤ ቀጥሎ ከብቱ አለቀ፤ ከዚያ ሰዉ መንገድ ጀመረ። እኔ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ገልጬ ስም እጠራለሁ፤ የመጣው ልጅ "አቤት" ይላል። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ልጆች ቀሩ። ሥራ ይዟቸው ይሆናል ብዬ "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ። ቆይቶ አንድ ሙሉ አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆነ። ኋላ ላይ "ቀሪ" ብሎ መጻፍ እጄን ከበደው። አንዳንዶቹ ከቤተሰባቸው ጋር በደሴ መንገድ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ መንገዱን አልጨረሱትም።

ሕልሙ የጀመረኝ ያኔ ነው። በሕልሜ ክፍል ገብቼ መዝገቡን እገልጣለሁ። "ይመር" እላለሁ፤ ዝም። "ዘውዴ" እላለሁ፤ ዝም። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ መዝገቡ ግን አያልቅም፤ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ሌላ ስም ይመጣል። ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ውሎ አድሮ ሕልሙን ፈርቼ መተኛቱን ራሱን ተውኩት።

በሬዲዮው በኩል ደግሞ አብዮቱ መጥቷል። ማርሽ ይመታና "ሰፊው ሕዝብ ከእንቅልፉ ነቅቷል" ይባላል። እኔ ከሰፊው ሕዝብ ቀድሜ ነቅቼ ጣራ ሳይ ከርሜያለሁ፤ ማንም አላመሰገነኝም እንጂ። ሌሊት የሸሸኝ እንቅልፍ ቀን ክፍል ድረስ ይመጣል። አንድ ቀን ሂሳብ እያስተማርኩ፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ፣ ሰሌዳው ላይ ተደግፌ ተኛሁ። የቀሩት ጥቂት ልጆች፣ የተባረኩ ናቸው፣ አስተማሪያችን ይረፍ ብለው በእግር ጣታቸው እየሄዱ ወጡ። የቀሰቀሰኝ ዳይሬክተሩ ነው። ያን ዕለት የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። ዓርብ ጠዋት በሚነሳው መኪና ደሴ እገባለሁ፤ ከእንግዲህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልኩ።

ያገሩ ሰው ግን ለዚህ ዓይነቱ በሽታ የራሱ ሐኪም አለው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ስለዚህ ክፉ ሕልም ያየ ሰው ለማንም ሳይተነፍስ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ማልዶ ፈቺ ዘንድ ይሄዳል፤ ክፉ አፍ ከቀደመው ክፉ ሆኖ ይፈታልና። የኛ ፈቺ አያ እንድሪስ ነበሩ፤ ገበያው ጥግ፣ በረንዳ ላይ፣ በስፌት መኪናቸው ሱሪ የሚጥፉ ሽማግሌ። እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ጋ ነው። አንዱ እባብ አየሁ ይላቸዋል፤ አንዷ ጥርሴ ረገፈ ትላቸዋለች። እሳቸው መርፌያቸውን ሳያቆሙ "ኸይር ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ኸይሩን በሰውየው ልክ ይሰፉለታል።

የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ሄድኩ። ደርሼ ግን እውነቱን መናገር አፈርኩ። የሌሉ ልጆችን ስም እጠራለሁ ብዬ ገበያ መሃል እንዴት ላውራ? ደግሞስ ክፉ ብለው ቢፈቱትስ? እዚያው ቆሜ ሌላ ሕልም ፈጠርኩ። "ኮርቻ የተጫነች በቅሎ፣ ጋላቢ የላትም፣ ተከትላኝ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች" አልኳቸው። ይህን ስሕተት እዚያ አገር ሕፃን እንኳ አይሠራውም። ያልታየ ሕልም አይነገርም፤ ከተነገረና ከተፈታ፣ ታየም አልታየም ይደርሳል።

አያ እንድሪስ መኪናቸውን አቆሙ። ፊቴን አዩት፤ ደግመው አዩት።

"ኸይር ነው፣ አስተማሪው" አሉ። "በቅሎዋ እንግዳ ናት። ደጅህ ሰው ይቆማል። ከየት መጣህ ሳትል አስገባው። እንቅልፍህ ያለው ከእሱ ጋር ነው።"

ስለ እንቅልፍ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት አሮጊት ደጄ ላይ ቆመዋል። እማማ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከበሽሎ ቆላ ብቻቸውን በእግራቸው የወጡ፤ በእጃቸው አንድ ቅል ብቻ የያዙ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤቴ ያለው ገብስ ለአንድ ሰውም ወር አያደርስም፤ ያ ፍቺ ባይኖር "እግዜር ይስጥልን" ብዬ በሩን እዘጋው ነበር። ሕልሙ ውሸት፣ እንግዳዋ እውነት፤ ምን ላድርግ? አስገባኋቸው። መደቡን ለቅቄላቸው እኔ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ሥጋ ቢኖረን በማን ቢላ ይታረድ ብለን በተጨነቅን ነበር፤ ዘመኑ ከዚህ ጭንቀት ገላግሎናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀድመው አልነገሩኝም፤ ማንኮራፋታቸውን። አንድ እፍኝ የማይሞሉ ሴትዮ ያን ድምፅ ከየት እንደሚያወጡት እሳቸውና ፈጣሪ ይወቁ። እንቅልፍ ያመጣልኛል የተባለው እንግዳ ይሄ ነው እያልኩ አያ እንድሪስን ስረግም ቆየሁ። እየረገምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሕልሙ እንደ ልማዱ መጣ። መዝገቡን ገለጥኩ። "ይመር" አልኩ። ከኋላ ወንበር በኩል "አቤት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ማንም አይታየኝም፤ ግን መልስ አግኝቻለሁ። "ዘውዴ" አልኩ። "አቤት።" እንዲህ እንዲህ እያለ መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀ፤ ዘጋሁት። ስነቃ ፀሐይ ወጥቶ የደሴው መኪና ሄዷል። መልቀቂያው እንደታጠፈ ኪሴ ውስጥ ቀረ። እኔ መዝገቤን ይዤ ወደ ክፍል ሄድኩ፤ እማማ ፋጡማም ዓመቱን ሙሉ እኔው ጋ ከረሙ፤ እኔም እንዲሁ ተኛሁ።

በዓመቱ ዝናብ ገባ። መሬት ለገበሬው ሊከፋፈል ነው ተባለ። እማማ ፋጡማ "እኔ ካልተገኘሁ ቀሪ ብለው ይጽፉኛል" ብለው ቅላቸውን አነሱ። በር ላይ ደርሰው ግን ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህን ሳልነግርህ አልሄድም። ሌሊት በእንቅልፍ ልብህ ስም ትጠራለህ። አቤት የምልልህ እኔ ነኝ። ቅር አይበልህ።"

አገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚያ በሌሊት ስም ሲጠራ አቤት አይባልም። የሚጠራው ሰው ላይሆን ይችላል፤ አቤት ያለ ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። እማማ ፋጡማ ደግሞ ከመሸ ደጅ የማይወጡ፣ ጥላቸውን የሚፈሩ ሴት ነበሩ።

"አይፈሩም?" አልኳቸው።

"እፈራለሁ እንጂ። በመጀመሪያው ሌሊት በጨለማ ይመር ስትል ደሜ ቀጥ አለ። ግን እኔም ይመር የሚባል ልጅ ነበረኝ። መንገድ ላይ ነው ቀብሬው የመጣሁት። ልጄ ሲጠራ እንዴት ዝም ልበል?"

ቅላቸውን ተቀብዬ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኋቸው። አለቀስኩ፤ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሻችሁም። ስመለስ የአያ እንድሪስ በረንዳ ላይ ቆሜ የበቅሎዋን ውሸት ተናዘዝኩ።

"አውቄያለሁ" አሉኝ፣ መኪናቸውን እየረገጡ። "በቅሎ ያየ ሰው ዓይኑ እንዲያ አይቀላም። ሴትዮዋ እዚሁ በረንዳ ላይ ሦስት ሌሊት አድረው ነበር፤ የኔ ቤት ደግሞ ሞልቷል። ለውሸት ሕልም የውሸት ፍቺ ሰጠሁህ። ኸይር ነው።"

ዛሬ ሸምግያለሁ። ሕልሙ አሁንም በዓመት አንዴ ሁለቴ ይጠይቀኛል። መዝገቡ ላይ አንድ ስም ተጨምሯል። "እማማ ፋጡማ" እያልኩ እጣራለሁ አሉ። ታሪኩን የምታውቀው ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ "አቤት" ትልልኛለች፤ ይህን የምትነግረኝ ጠዋት ነው። ቀጥላም በክርኗ ጎስማ ወደ ግድግዳው ታዞረኛለች፤ አቤት ባለችኝ ቁጥር ቤቱን በማንኮራፋት አናጋዋለሁና። በዘርህ ማን ነው እንዲህ የሚያንኮራፋው እያለች ትጠይቀኛለች። በዘሬ ማንም የለም፤ ከማን እንደወረስኩት ግን አውቃለሁ።