የአይጥ መንገድ ሊቅ

በየማለዳው ጃካርታ ለመግባት የሚጋፋ ሰፈር ሁሉ አንድ የአቋራጭ ሊቅ አለው። ዋናው መንገድ የተሠራው ለሞኝ ነው ብሎ ያምናል።

የእኛው፣ የቤካሲው፣ በመኪናቸው ሰው የሚያመላልሱት ክቡር ፓክ ታርሙዲ ናቸው። እኛ «የአይጥ መንገድ» የምንለውን ቅያስ ሁሉ ያውቃሉ። «ውስጥ ለውስጥ ነው የሚያዋጣው» ይሉና የሰው ልብስ ማስጫ ሥር ይዘውን ይገባሉ። አንድ ቀን ቅያስ ዘግቶ የተተከለ የሠርግ ድንኳን ገጠመን። ወደ ኋላ መመለስ ለእሳቸው ውርደት ነው። ወርደው ሙሽሮቹን ጨበጡ፣ በሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ቢሮ የደረስኩት ከምሳ በኋላ ነው። በዋናው ቢሆን ይብስ ነበር አሉኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከሶሎ ከተማ መጥታ እኔ ዘንድ ከርማ ነበር። እዚያ ያለውን የአባቴን ቤት እንሽጠው አልኳት። አልጮኸችም። የጃቫ ሰው ሲቀየም አይጮህም። በማግስቱ ለባዕድ በሚነገረው ጨዋ ቋንቋ «ሩዙን ቢያቀብሉኝ?» አለችኝ። እናት ልጇን አንቱ ካለች፣ የሚቀረው ቀብር ላይ መገናኘት ነው። የባቡር ትኬቷን ቆረጠች፤ ዳግም እንደማትመጣም ለሚስቴ ነገረቻት።

ጣቢያ ሊያደርሱን የመጡት ፓክ ታርሙዲ ናቸው። መኪናው በር ላይ እናቴ «እርስዎ ይቅደሙ» አለችኝ። እሳቸውም የጃቫ ልጅ ናቸው። በመስታወቱ አዩን።

ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። አርብ ከሰዓት! ቅያሱን አለፍነው አልኳቸው። ዛሬ በዚህ ይሻላል ብለው ሬዲዮኑን ዘጉ። ብዙም ሳንርቅ ቆምን። ፊት ለፊት የጭነት መኪና፣ ግራና ቀኝ ሞተር ሳይክል፣ የኋላ ወንበር ላይ እኔና እናቴ፣ ጉልበት ለጉልበት።

መውጫ የለም፤ ዝምታውም አለቀ።

«ቤቱ አይሸጥም፣ እማዬ» አልኳት።

የጭነት መኪናውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ አገጬን ያዘች።

«ከስተሃል አንተ። እኔ ሚስትህን ስጠረጥር ለካ ይሄ መንገድ ነው የጨረሰህ።»

ባቡሩ ጥሎን ሄደ። እናቴ ሌላ ሳምንት ሰነበተች።

በዚያ ምሽት፣ በዋናው መንገድ ሄደው ባቡር አስመለጡ ተብሎ፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ በፓክ ታርሙዲ ሳቀ። አንዱ ባለሞተር «ፓክ፣ አይጧ ሞተች እንዴ?» አላቸው።

ሊቁ ሻያቸውን አማሰሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

«አርጅቻለሁ» አሉ፤ «መንገድ ጠፋኝ።»