የጋሽ ታደሰ ማግኔት

የሆላንድ ሰው መኪና ሲገዛ ወረቀት ያነባል። እኛ ግን ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን። ለጋብቻ ነው እንዴ?

የእኔ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ የሚሄዱት በትራም ነው፤ የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ብረትን ግን በኩርኩም ይለያሉ። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ስለምንከባከብ፣ አለቃዬ «መኪና ከሌለህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላኛለች።

ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር አንድ መኪና ሻጭ ዘንድ ሄደን አንዲት ንጹሕ መኪና ወደድኩ። ጋሽ ታደሰ ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ኮፈኗ ላይ ለጠፉት። ወደቀ። ደግመው ለጠፉት፤ አሁንም ወደቀ።

«ስቱኮ ነው! ቀለም የተቀባ ስቱኮ!»

ሻጩ ኮፈኑ አሉሚኒየም መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

«አሉሚኒየም ድስት ይሠሩበታል። አንተ ወጥ ልትሠራ ነው የመጣኸው?»

ማግኔት ይዋሻል? ጥግ ላይ የቆመችውን አሮጌ መኪና ገዛሁ። ማግኔቱ እሷ ላይ ሲለጠፍ፣ እመኑኝ፣ በሁለት እጃችን ነው የነቀልነው።

ከዚያ በረዶ ጣለ፤ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ተረጨ። ለዓመታዊው ምርመራ ስወስዳት መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ በካቻቢቴ ነካ አደረጋት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። እኔም በቀዳዳው በኩል የገዛ ምንጣፌን ከሥር አየሁት። ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ አትወጣም ተባልኩ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው። «ጋሽ ታደሰ፣ መኪናዬን እኮ ዝገት በልቶ ጨረሳት!»

«ታዲያሳ!» አሉ ድምፃቸው በኩራት ሞልቶ። «ብያለሁ እኮ! ብረት ባትሆን ኖሮ ትዝግ ነበር?»