ኮፈን ሲከፈት የሚመጡት ሰውዬ

ጋሼ ኮፈን ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል ይባላል። ወሬውን ወደ ካፌያችን ያመጣው ጎማ ጠጋኙ ነው። እሱ እንደሚለው ሰውየው በዘመናቸው ስመ ጥር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ችላ አሉት፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንቢ አላቸውና ከነመኪናቸው ገደል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ነፍሳቸው ዕረፍት ስላጣች የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ ከች ይላሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። አንደኛ ነገር፣ የሞተ ሰው እንደ ጋሼ ኮፈን አይሳሳትም። ሁለተኛ፣ ወሬኛው ጎማ ጠጋኝ ያለፈው ወር መኪናዬን ተቀብሎ ያልተነፈሰውን ጎማ አሳምሮ ጠግኖ የመለሰልኝ ሰው ነው። ደግሞስ ጋሼ ኮፈን የሌሉበት ሰፈር የት አለ? መኪናችሁ መንገድ ላይ ቀጥ አለ እንበል። ሰው ቀርቶ ድመት አይታይም። ኮፈኑን ትከፍቱና፣ አንዳች እንደማይገባችሁ ልባችሁ እያወቀ፣ ሞተሩን በቁም ነገር ታዩታላችሁ። ቀና ስትሉ አጠገባችሁ ሰው ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሲመጣ አላያችሁም።

ለኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሼ ኮፈን ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። በጋ ከክረምት እስከ አንገቱ የተቆለፈ አመድማ ኮት ይለብሳሉ። ኮቴያቸው አይሰማም። በሕይወቴ ካየኋቸው ኮፈኖች የሚበልጥ ኮፈን በአንድ ሳምንት ያያሉ፤ እጃቸው ላይ ግን አንድ ጠብታ ዘይት ታይቶ አያውቅም። ሞተሩን የሟች ፊት እንደሚያይ ሰው ዝም ብለው ይመለከቱና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ።

«ፓምፑ ነው።»

የልብስ ሰፊዋ መኪና ቤንዚን ጨርሳ ስትቆም ፓምፑ ነበር። የአስተማሪው መኪና ሞተር ውስጥ ድመት ገብታ ስትጮኽም ፓምፑ ነበር። ድመቷ ወጥታ ዓይን ለዓይን ስታያቸው እንኳ ጋሼ ኮፈን ንቅንቅ አላሉም። «ፓምፑን ነክታው ነው» አሉ።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነው። ያለፈው ክረምት የገጠመኝ ግን አላሳቀኝም። ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቄ፣ የፊት ጎማዬን እስከማላይ ድረስ ጉም በሸፈነው አውራ ጎዳና ላይ የመኪናዬ ሞተር ድንገት ጠፋ። ቤት የለ፣ አላፊ አግዳሚ የለ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጉሙ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ያኔ ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ፦

«ፓምፑ ነው።»

ዞር አልኩ። አመድማ ኮት። የተጣመሩ እጆች።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኩ። የምይዘው ቢጠፋኝ ጎንበስ ብዬ ባትሪውን ነካካሁ። ገመዱ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት። ቀና ስል ጉም ብቻ ነው። ያን ቀን የነዳሁትን ፍጥነት ለትራፊክ ፖሊስ አልናገርም።

ካፌ ደርሼ ሳወራው ጎማ ጠጋኙ አልሳቀም። ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔ ግን ፍርሃት ጉምን ኮት ያለብሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ መብራቷ መጣች። ቀይ ክብ፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት፤ የፍሬን መብራት። የመጀመሪያው ጋራዥ «ሴንሰር ነው» ብሎ ሴንሰር ቀየረ። ሁለተኛው «ባትሪ ነው» ብሎ ባትሪ ቀየረ። መብራቷ ነገሬን እንደሚያውቅ ሰው ዓይን እያየችኝ ወር ሞላት። ሦስተኛው መካኒክ በአሥር ደቂቃ አጠፋት። «ምን ነበር?» ስለው «ትንሽ ነገር» አለኝ። እጁን መረቅኩ።

በሳምንቱ የእናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ደረሰ። ተራዋን ስምንት ወር ጠብቃለች። ሆስፒታሉ ያለው ከጠመዝማዛው ቁልቁለት ግርጌ ነው። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። የመስታወት ማጠቢያ ውኃ ልጨምር ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ኮፈን መክፈት ምን እንደሚያመጣ ረስቼው።

ሲመጡ አላየኋቸውም። ቆመዋል። ፓምፑ ነው እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። በአጠገቤ አልፈው በመስኮቱ ወደ ዳሽቦርዱ አዩ።

«ግባና ቁልፉን አዙር። ሞተሩን አታስነሳ» አሉ ዝግ ብለው።

አዞርኩ። ቀዩም ቢጫውም መብራት በራ።

«አጥፋ። ድገመው።»

ሦስቴ አስደገሙኝ። ከንፈራቸው ይቆጥራል።

«አንድ ጎድሏል።»

«ምን ጎደለ ጋሼ?»

«ቁልፍ ሲዞር ሁሉም በርተው ነው የሚጠፉት። የፍሬኑ አልበራም።»

«ተሠርቶ እኮ ነው የጠፋው።»

«የተሠራማ መጀመሪያ ይበራል። ይኼን አንድ ሰው አፉን አፍኖታል።»

ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ። «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ጠጉሬ ቆመ። የእናቴ ዓይን ቢደክምም ጆሮዋ መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። ሲሰማት የቆየው የኔ ድምፅ ብቻ ነው።

«ከጋሼ ጋር ነው እማዬ።»

«የቱ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ እመቤት» አሉ፣ አሁን ጮክ ብለው። «በዚህ መኪና ዛሬ አይሄዱም።»

«ስምንት ወር ጠብቄ? ሰውዬውን ተወውና ንዳ ልጄ።»

ጋሼ ኮፈን በመስኮቱ እጃቸውን ሰደዱ፤ ቁልፉን መዘው ኮታቸው ኪስ ከተቱና ከመኪናው ፊት መንገዱ ላይ ዘርፈጥ አሉ። ለመንፈስ ከበድ ያለ አቀማመጥ ነበር።

መሳሳታቸውን ላሳያቸው ብዬ በንዴት የማዕዘኑን ጋራዥ መካኒክ ጠራኋት። የዳሽቦርዱን ክዳን ፈታች። ከመስታወቱ ኋላ፣ ልክ አምፖሉ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች። ላጠቻት። ቀዩ ዓይን ተገለጠ። መካኒኳ ከመኪናው ሥር ገብታ ስትወጣ እስከ ክርኗ ዘይት በዘይት ነበረች።

«የፍሬን ዘይቱ አልቋል። ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ አትደርሱም ነበር» አለች።

«ምኑ ነው?»

«ፓምፑ ነው። የፍሬን ፓምፑ ያፈሳል።»

ጋሼ ኮፈንን አየኋቸው። በሕይወታቸው «ፓምፑ ነው» ያላሉት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር፤ ፓምፕ የሆነውም ያን ቀን ነው። ቁልፌን ሰጥተውኝ ሄዱ።

እናቴን በታክሲ አደረስኳት። አርባ ደቂቃ አረፈድን፤ ተቆጥተው አስገቧት። ዛሬ የጎረቤት ልጅ ጉንጭ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ከመንገድ ማዶ ትለያለች።

አሁን መኪናዬ ጤነኛ ነች። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ወጥቼ ኮፈኑን እከፍታለሁ። ግንባሬን ቋጥሬ አንዱን ብሎን እነካካለሁ። ሃያ ሳልቆጥር ይመጣሉ። ያለፈው ቅዳሜ ወሬውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ሹፌር?» አሉ። «መንጃ ፈቃድም የለኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ነው የሠራሁት። ፊቴ መቶ መብራት ነበር። አንዱ ሲበራ ሰው ማውራት ፈልጓል ማለት ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የማይበራው ነበር።»

«ፓምፑስ?»

«መካኒኮች ሲሉ ሰምቼ ነው። ፓምፕ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

በአገጫቸው ማዶ ያለውን ሦስተኛ ፎቅ አሳዩኝ። መስኮት፣ መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር። «ብቻዬን ነኝ። የሰው በር አንኳኩቼ ምን ልበል? ኮፈን የተከፈተበት ቦታ ቢቆሙ ግን ምን ፈለግህ የሚል የለም።»

ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። ሳቄ መጣ። «እኔማ ያን ቀን አውራ ጎዳናው ላይ፣ ጉሙ ውስጥ ሲመጡብኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አልኳቸው።

ጋሼ ኮፈን ሞተር እንደሚያዩት አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ፣ ወሬው ሁሉ ውሸት ነው» አሉ። «ሞቼ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ከዚህ ሰፈር ወጥቼ አላውቅም።»