ናፍጣ ናፍጣን ሲጠራ

(አሰንዳቦ፣ ረፋድ ላይ። ሁለት የጭነት መኪናዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዱ ዳገቱ ላይ፣ ሌላው ከሥሩ ቁልቁለቱ ላይ። የላይኛው ሾፌር ደሬሳ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ እሱን ከጠየቃችሁት! ከታችኛው መኪና ናፍጣ ሊስብ የጎማ ቱቦ ይዟል። የታችኛው ጥላ ሥር ኤርሲዶ የሚባል ጸጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ተቀምጧል። ደሬሳ ዘበኛ ነው ብሎ ደምድሟል፤ መች ጠይቆ!)

ደሬሳ፦ ዲሲ፣ ተወኝ ባክህ! ናፍጣ አሳሳብ ለእኔ ልታስተምር ነው?

ኤርሲዶ፦ አይ፣ ይሄ መኪና እኮ...

ደሬሳ፦ የሰው ነው ልትል ነው። የነዳጅ ኩፖኔ አልቆ ነው እንጂ ሌባ መሰልኩህ? ዛሬ ሠርጌ ነው፣ ሰውዬ! እስከ ስድስት ሰዓት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካልደረስኩ፣ የሙሽራዬ የሶረቲ አባት «አርፍዶ ለመጣ ሙሽራ ልጄን አልሰጥም» ብለው ምለዋል። ያለኝ ናፍጣ ግማሽ መንገድ ቢያደርሰኝ ነው።

ኤርሲዶ፦ ጌታ ይርዳህ። ግን ሾፌሩ...

ደሬሳ፦ ሾፌሩ የትም ተጋድሞ ያንኮራፋል። አሁን እይና ተማር! መጀመሪያ ከራሴ የናፍጣ ጋን፣ ከሰልባትዮዬ እስባለሁ።

ኤርሲዶ፦ ከራስህ?

ደሬሳ፦ ናፍጣ ናፍጣን ይጠራል! ቱቦው ካልራሰ የታችኛው በምን አውቆ ይመጣል?

(ከራሱ መኪና ይስባል። አፉ ሙሉ ናፍጣ! እያነቀው፣ እየተፋ፣ የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ወደ ታች ይሮጥና የታችኛው ሰልባትዮ ውስጥ ይከተዋል።)

ኤርሲዶ፦ ወንድሜ፣ ቡና ማጠቢያ ስሠራ ውሃው ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር የሚወርደው።

ደሬሳ፦ ውሃማ ያልተማረ ነው! ይሄ ከአሰብ የመጣ ናፍጣ ነው። ስማ፣ ስማ! ቁልቅል ቁልቅል ይላል! እየመጣ ነው!

ኤርሲዶ፦ እየሄደ እንዳይሆን?

ደሬሳ፦ ጆሮ የለህም እንዴ? (ትከሻውን እየነቀነቀ) ሶረቲዬ፣ መጣሁልሽ!

(ቱቦው ጸጥ ይላል። ደሬሳ ዘሎ ገብቶ ሞተር ያስነሳል። መኪናው ሁለቴ አስሎ ዝም! ወርዶ ሰልባትዮው ውስጥ ስንጥር ይሰዳል፤ ስንጥሩ ደረቅ።)

ደሬሳ፦ ወይኔ ሠርጌ! ወይኔ ልጅቷ! ያ የታችኛው ጠጣብኝ! አንተ ዘበኛ፣ ሾፌሩን ጥራልኝ!

ኤርሲዶ፦ (ከኪሱ ቁልፍ እያወጣ) መች አስጨረስከኝ! ሾፌሩ እኔ ነኝ። የእኔም ናፍጣ ግማሽ መንገድ ነበር የሚያደርሰው። «ጌታ ሆይ፣ ሰው ላክልኝ» ብዬ ስጸልይ አንተ ቱቦ ይዘህ ከች አልክ።

ደሬሳ፦ (ቆቡን አውልቆ) ጋሼ... ወዴት ነዎት?

ኤርሲዶ፦ ጅማ። ግባ፣ እንደርሳለን። አማትህ ሲጋራ ያጨሳሉ?

ደሬሳ፦ አዎ ጋሼ፤ ምነው?

ኤርሲዶ፦ እንግዲያው ጉልበታቸውን ስትስም ትንፋሽህን ያዝ።