የአደ ጫልቱ ማብሪያ

ዕቃ ሲበላሽ ቢያንስ ማሳወቅ አለበት። የዓለም ገና ባጃጅ እንኳ ከመቆሙ በፊት ያስላል፣ ያጨሳል፣ ሹፌሩን ያሰድባል። ሲሙሌተር የሚባለው ግን ሲበላሽም ዝም ነው። ሽቦ ሳትገዛ፣ ኤሌክትሪክ ሳይዝህ፣ ስክሪን ላይ ሰርኪዩት የምትገጣጥምበት ፕሮግራም ነው። የሠራውን ሰው ባገኘው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለመሆኑ ተማሪ አይተህ ታውቃለህ?

መምህራችን ያዘዘን ቀላል ነገር ነበር። ሦስት ማብሪያ፣ አንድ አምፖል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተጫኑ አምፖሉ ይበራል። የድምፅ ብልጫ መሆኑ ነው። ነገ ካልሠራልኝ ኮርሱን እደግማለሁ፤ እሱ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። እንዳይምታቱብኝ ማብሪያዎቹን በግቢያችን ሰዎች ሰየምኳቸው፤ አከራዬ ኦቦ ገመቹ፣ ባለቤታቸው አደ ጫልቱ፣ ሦስተኛው እኔ ተከራዩ።

የኦቦ ገመቹንና የእኔን ስጫን አምፖሉ ወይ ፍንክች። ሽቦዎቹን አየሁ፤ ሁሉም ቦታቸው ደርሰዋል። አንዱን ልሰርዝ ብል ግማሹን ሰርኪዩት ይዞብኝ ሄደ፤ ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ ደግሞ የለውም። እንደ አዲስ ሠራሁት። ያው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ማልቀስ አማረኝ።

ይሄኔ ኦቦ ገመቹ ብቅ አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው ራሳቸው ይሞክሩት ጀመር። እሳቸውና እኔ፤ ጨለማ። እሳቸውና አደ ጫልቱ፤ በራ። እኔና አደ ጫልቱም፤ በራ። እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱና፣

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምኑን ነው የምታስተካክለው? ቤቱ እንዲህ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ዶሮ እናርባ ብለው ሚስታቸውን ስንት ዘመን እንደለመኑ፣ እኔም ደግፌያቸው ምንም እንዳልፈየደ አስታወሱኝ። አደ ጫልቱንም ጠርተው አሳዩዋቸው። እሳቸውም አይተው፣ ጥሩ ዕቃ ነው ብለው ወጡ።

ለእኔ ግን ነገሩ ያኔ በራልኝ። የኦቦ ገመቹንና የእኔን ስምምነት ወደ አምፖሉ የሚያደርሰው ሽቦ የገጠመ ይመስላል እንጂ አልገጠመም፤ የቀረው የፀጉር ያህል ነው። በዓይን አይለይ፣ ፕሮግራሙ አይናገር። አገናኘሁት፤ ሠራ። በማግስቱ መምህሩም አሳለፈኝ።

የእኔን ማለፍ ሲሰሙ ኦቦ ገመቹ የልብ ልብ ተሰማቸው። ላፕቶፑን አስይዘውኝ ማጀት ገባን። የዶሮው ነገር በድምፅ ብልጫ ይወሰን ብለው የራሳቸውን ተጫኑ፤ እኔም የእኔን። አምፖሉ ቦግ አለ።

አደ ጫልቱ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ አንዴ አየት አደረጉትና፣

«ትናንት ደህና ነበር፤ ማን ነካካው?» አሉ።